የሚገጥም

ከቶክፓ ገበያ ጀርባ፣ የሐይቁ ጭቃ ከሚሸትበት፣
ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ጋር በትከሻ ከሚጋፋበት፣
ሞተሬን እየገፋሁ ገባሁ።
ቢጫ ሸሚዜ ከጀርባዬ በላብ ተጣብቋል፤
ቁጥሩ የወንድሜ ነው፣ ጠርዙ ተልጧል።

ሦስት ቀኗ ነው። ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣
ከድልድዩ መሐል ስትደርስ ስላ ስላ ትቆማለች።
ከኋላ ጡሩምባ፣ ከጎን በሦስት ቋንቋ ስድብ፣
ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ውሃ፣ ተሳፋሪ ወርዶ ሲታዘብ።

ጥፋቱ የቤንዚኑ ነው ይላሉ፣
ያ መንገድ ዳር በሆዳም ጠርሙስ ተደርድሮ የሚሸጠው፣
ፀሐይ ሲያርፍበት ማር መስሎ ዓይን የሚያሞኘው፣
በሌሊት በጀልባ ተሻግሮ ድንበር የዘለለ፣
ግማሽ ቤንዚን፣ ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ አሸዋ ያዘለ።
ሦስት ግማሽ የለም ትሉኝ ይሆናል፤
ኮቶኑ መጥቶ የቀዳ ያምነኛል።

ማጣሪያዋን ፈታሁ።
አውራ ጣት የምታህል፣ የጠቆረች፣ የታፈነች፤
ወደ ሰማይ ባነሳት ብርሃን አላሳልፍ አለች።
አፌን ገጥሜ ነፋሁባት፤
ጉንጬ ብቻ ተነፋ።

መጀመሪያ የሄድኩት መስታወት በር ካለው ሱቅ ነበር።
ቀዝቃዛ አየር፣ ነጭ ወለል፣ ክራባት ያሰረ ልጅ፤
«ኦርጅናሉን እናዝዛለን፤ አርባ ቀን ነው ቢፈጅ።»
አርባ ቀን!
አርባ ቀን ለሙት ይቆጠራል እንጂ
ሆድ አርባ ቀን ይጠብቃል?
ዋጋውን ሲጠራልኝ ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ፤
በዚያ ገንዘብ ሌላ ሰው የሞተር ግማሽ በሸጠልኝ።

ሴናሚ ግን ከባልዲዎቿ መሐል ነበረች።
ባልዲ ሙሉ ብሎን፣ ባልዲ ሙሉ ካንዴላ፣
አንድ ባልዲ ደግሞ ስም የለሽ፣ የሁሉም ትራፊ የሞላ።
«የምን ሞተር ነው?» አላለችኝም።
የቱቦዬን አፍ በትንሿ ጣቷ ጥፍር ለካች፤
«ስድስት ሚሊ» አለችና እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች።

አንዱ አፈ ሰፊ ነው፣ ቱቦው ውስጥ ይዋኛል።
አንዱ ረጅም፣ ከታንከሩ ጋር ቦታ ይጣላል።
አንዱ ደህና ነበር፣ ወረቀቱ ባይቀደድ።
ከዚያ አንዲት ትንሽ መጣች፣ ጥርት ያለች፣
ሆዷ ከውጭ የሚታይ፣ የደበቀችው የሌላት።

«የሣር ማጨጃ ናት» አለች ሴናሚ። «የሆቴል ሣር ማጨጃ።»
«ሞተሬ እኮ ሣር አትበላም።»
«ቤንዚን የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም።
ቀስቷን ብቻ እይ፣ ወደ ሞተሩ ትጠቁም።»

«ስንት?»
«ሁለት ሺህ።»
«ሺህ።»
«ዶሱ ሺህ አምስት መቶ ይሰጠኝ ነበር።»

ዝም አልኩ።
ሺህ አምስት መቶ ቆጠርኩላት።

እዚያው ከዘይት ኩሬው አጠገብ ተንበረከክሁ።
ቱቦውን በምራቄ አርጥቤ ገፋ አደረግሁ፤
ልክክ አለች።
መክፈቻውን ሳዞር ቤንዚኑ ወረደ፣
ሆዷ ውስጥ ሲሞላ ፊት ለፊት ታየኝ፤
ያቺ የተጠማች ሞተር ግጥም አድርጋ ጠጣች።
ግጥም ማለትም ይኼው መሰለኝ፦
ለሌላ ቦታ የተሠራ ነገር
እዚህ ገብቶ፣ ጠብታ ሳያፈስ መኖር።

ማክሰኞ ነው።
ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪም ቤት የምትሄድ አሮጊት አለች፣
የወንድሜ ደንበኛ፤ አሁን ከእኔ ጀርባ ትቀመጣለች።
ዓይኗ ደክሟል። ሸሚዙን ታያለች፣ ቁጥሩን ታያለች፣
«ዶሱ ልጄ፣ ቀስ በል» ትለኛለች።
አላርማትም። ቀስ እላለሁ።

ድልድዩ መሐል ደረስን።
ትንፋሼን ያዝኩ።
አለፍን።
ትከሻዬን መታ አደረገችኝ፣
«ዶሱ፣ ዛሬስ ሳሏ ለቀቃት።»
«ለቀቃት፣ እናቴ» አልኳት።

ቀይ መብራት ሲይዘን
ጎንበስ ብዬ ወደ ጉልበቴ ሥር አየሁ።
የመጀመሪያዋ አሸዋ፣ አንድ ፍሬ፣
ከጥሩዋ ሆድ ታች ተቀምጣለች።